ሁለት ስፒከሮች እርስ በርስ ሲጠፋፉ

ሁለት ስፒከሮች አንድን ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲያወጡ አካባቢው ሁሉ እኩል አይደምቅም። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ጥቂት ፈቀቅ ሲባል ይደክማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል፤ ትንሽ ሲቀጠል ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ድምፁ በጠፋበት ቦታ የቆመ ሰው አንዱን ስፒከር ቢያስጠፋ ድምፁ ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። ፊዚክስ ይህን ኢንተርፈረንስ ይለዋል። ሞገዶች ሲገናኙ ይደራረባሉ፤ በመደራረባቸውም አንድ ቦታ ይበረታታሉ፣ ሌላ ቦታ ይሰራረዛሉ።

ነገሩ በየዕለቱ ጆሮ የሚገባ ነው። በሰርግ አዳራሽ አንዱ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት በቤዙ ብዛት ሲማረሩ ከጎናቸው ያሉት «ቤዝ የለም እንዴ?» ይላሉ። በስብሰባ ላይ ተናጋሪው ከግራና ከቀኝ በተተከሉ ሁለት ሞንታርቦዎች እየተሰማ ድምፁ ቀጭንና ባዶ ይሆናል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በአምፕሊፋየሩ ወይም በዲጄው ላይ ይላከካል። መፍትሔ ተብሎ የሚመጣውም ሌላ ስፒከር መጨመር ነው፤ ይህ ግን ችግሩን የሚያባብስበት ጊዜ ይበዛል።

በኖራ መስመር ላይ

ክስተቱን በጆሮ ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሰፊ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ሁለት ተመሳሳይ ስፒከሮች፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ወጥ ቃና የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያና ለመስመር የሚሆን ኖራ ከተገኘ ይበቃል። ስፒከሮቹ በ2 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው ወደ ሜዳው ነው። ከእነሱ 10 ሜትር ርቆ፣ ሁለቱን ከሚያገናኘው መስመር ጋር ትይዩ የሆነ መስመር በኖራ ይሰመራል። ስልኩ 680 ኸርዝ ላይ ተስተካክሎ ይከፈታል። የሚሰማው ሙዚቃ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ የማይል፣ ቶሎ የሚያሰለች አንድ ወጥ ቃና ነው።

ተማሪ ከመሐል ተነስቶ በኖራው ላይ በዝግታ ወደ ቀኝ ይራመዳል። መሐል ላይ፣ ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል በሚርቅበት ነጥብ፣ ድምፁ ጉልህ ነው። 1 ሜትር ከ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ድምፁ ይወድቃል። 2 ሜትር ከ60 ላይ እንደገና ይነሳል። 4 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ላይ ዳግመኛ ይወድቃል፤ 5 ሜትር ከ80 ላይ ይመለሳል። በግራ በኩልም ያው ነው። አንዱን ጆሮ በጣት መድፈን ይረዳል፤ ሁለቱ ጆሮዎች ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚራራቁ አንዱ ጸጥታው ውስጥ ገብቶ ሌላው ውጭ ሊቀር ይችላል።

የሙከራው ፍሬ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ተማሪዎች ድምፁ በወደቀባቸው ነጥቦች ላይ እንዲቆሙ ይደረግና የአንዱ ስፒከር ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ይነቀላል። መሐል ለቆመው ድምፁ ይቀንሳል። ጸጥታው ላይ ለቆሙት ግን በድንገት ይመጣል። ሽቦው ተመልሶ ሲሰካ እነሱ ጋ ይጠፋል፣ መሐል ላይ ይጎላል። የድምፅ ምንጭ ሲጨመር ድምፅ የሚቀንስበት ቦታ እንዳለ በጆሮው የሰማ ተማሪ ቀመሩን ለማስታወስ አይቸገርም።

ያው ሙከራ በክፍል ውስጥ ቢደረግ ይደበዝዛል። ግድግዳው፣ ጣራውና ወለሉ ድምፁን እየመለሱ ሁለቱን ስፒከሮች አሥርና ሃያ ያደርጓቸዋል፤ ጸጥታውም የተማሪው ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቦታ የሚለውጥ ይመስላል። በሜዳም ቢሆን መሬቱ ጥቂት ድምፅ ይመልሳል፣ ነፋስም ሞገዱን ያወዛውዛል፤ ስለዚህ ፍጹም ዝምታ መጠበቅ አይገባም።

ግፊት በግፊት ላይ

ድምፅ የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። የስፒከሩ ኮን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ይሳሳል። በ680 ኸርዝ ይህ በሰከንድ 680 ጊዜ ይደጋገማል፤ መታመቁና መሳሳቱም እየተፈራረቀ ወደ ሰሚው ይጓዛል። የሚጓዘው መዋዠቁ ነው፤ አየሩ ራሱ ባለበት ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከማለት አያልፍም። መጠኑም እጅግ ትንሽ ነው። የመደበኛ ጭውውት ድምፅ 0.02 ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል ላይ ያለው የከባቢ አየር ግፊት 100 ሺህ ፓስካል አካባቢ ነው፤ አምስት ሚሊዮን እጅ ይበልጠዋል።

ሞገዶቹ እንዲህ ጥቃቅን በመሆናቸው ሲገናኙ አይሰባበሩም። በተገናኙበት ነጥብ ላይ ግፊቶቻቸው ይደመራሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ምንም እንዳልነካው መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ጠረጴዛ የከበቡ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በመስቀለኛ ማውራት የሚችሉትም ለዚህ ነው።

ድምሩ ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለው። ከሁለቱም ስፒከሮች የመጣው መታመቅ በአንድ ቅጽበት አንድ ነጥብ ላይ ከደረሰ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ በድምፅ መለኪያ ይህ የ6 ዴሲቤል ጭማሪ ነው። የአንዱ መታመቅ ከሌላው መሳሳት ጋር ከተገናኘ ደግሞ ድምሩ ዜሮ ነው። ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው ሁለቱ ሞገዶች የተጓዙበት መንገድ ልዩነት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ ለስሌት እንዲመች 340 ቢያዝ፣ የ680 ኸርዝ ቃና የሞገድ ርዝመት ግማሽ ሜትር ነው። የመንገዱ ልዩነት ዜሮ፣ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ሲሆን ሞገዶቹ እኩል ይረግጣሉ። ልዩነቱ 25 ወይም 75 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይሰራረዛሉ። በኖራው መስመር ላይ ከመሐል 1 ሜትር ከ27 ርቆ የቆመው ተማሪ ከቅርቡ ስፒከር 10 ሜትር፣ ከሩቁ ደግሞ 10 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ድምፁን የወሰደበት ያች 25 ሴንቲ ሜትር ናት።

ቃናው ሲቀጥን የሞገዱ ርዝመት ያጥራል፤ ጸጥ ያሉት ቦታዎችም ይቀራረባሉ። በ10 ሺህ ኸርዝ ርዝመቱ 3.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጭንቅላትን ትንሽ ማዘንበል ብቻ ሞገዱን ከማበረታታት ወደ መሰረዝ ይወስደዋል። ቃናው ሲወፍር ደግሞ ጸጥታዎቹ ይራራቃሉ፤ በመጨረሻም ይጠፋሉ። በ2 ሜትር በተራራቁ ስፒከሮች መካከል ሊኖር የሚችለው ትልቁ የመንገድ ልዩነት 2 ሜትር ነው። ስለዚህ የሞገድ ርዝመቱ ከ4 ሜትር የሚበልጥ ድምፅ፣ ማለትም ከ85 ኸርዝ በታች ያለ ቤዝ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ አይሰረዝም። ይህች ነጥብ ኋላ ለአዳራሹ ትጠቅማለች።

ከፍታ እዚህ ውስጥ ገብቶ እንደማይበጠብጥ መጥቀስ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ በቀጭን አየር ውስጥ ዝግ ይላል ብሎ የሚገምት ሰው አለ። አይልም። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱም እፍጋቱም አብረው ስለሚቀንሱ ለውጦቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀት ነው፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። በ10 ዲግሪ የማለዳ ብርድ 337 የነበረው በ30 ዲግሪ ቀትር 349 ይደርሳል፤ ጸጥታዎቹም በጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ይላሉ።

መሰረዙ የተሟላ የሚሆነው ሁለቱ ድምፆች ሰሚው ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ነው። የአንዱ ግፊት የሌላው ግማሽ ከሆነ ሲበረታቱ አንድ ተኩል፣ ሲሰራረዙ ግማሽ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 9.5 ዴሲቤል ያህል ነው፤ በጆሮ በደንብ ይለያል፣ ግን ዝምታ አይባልም። አንዱ ስፒከር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ስለ ኢንተርፈረንስ ብዙም የማያማርረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቅርቡ የሩቁን ይውጠዋል።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ድምፁ ሲሰረዝ ጉልበቱ የት ገባ? የትም አልገባም፤ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሞገዶቹ በተበረታቱበት ቦታ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የጉልበቱ መጠን አራት እጥፍ ነው። በተሰረዙበት ቦታ ዜሮ ነው። የሁለቱ አማካይ ሁለት እጥፍ ይመጣል፤ ሁለት ስፒከሮች ሊያወጡት የሚገባው ልክ ይህን ነው። ስፒከሮቹ ከሞገድ ርዝመቱ አንጻር በጣም ተጠጋግተው ሲቀመጡ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ያን ጊዜ አንዱ ኮን የሚገፋው ሌላው ያመቀውን አየር ጭምር ነው፤ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚያወጣው በላይ ድምፅ ያወጣል። ቤዝ ስፒከሮች ተደርድረው ሲቀመጡ የሚበረቱት ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ቶማስ ያንግ

ኢንተርፈረንስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ብርሃንን ነው፤ መነሻው ግን ድምፅ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1796 ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ከተመረቀ በኋላ በሰው ድምፅና በሙዚቃ ቃና ላይ ተጠመደ። በ1800 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ሁለት ድምፆች በአንድ አየር ውስጥ ሲያልፉ እንቅስቃሴያቸው እንደሚደመር አስረዳ። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሐሳብ ወስዶ ብርሃንም ሞገድ ነው የሚለውን ሙግት አነሳ። ኒውተንን የሚያመልክ ዘመን ስለነበር ሙግቱ ክፉኛ ተተቸ። ያንግ ግን በውኃ ሞገድ ማሳያ ሳይቀር ለሕዝብ አስተማረው፤ ትምህርቶቹም በ1807 ታተሙ።

ያንግን የሳበው አንዱ ነገር የቃና መምታት ነበር። ሁለት ምንጮች ተቀራራቢ፣ ግን እኩል ያልሆነ ቃና ሲያወጡ ድምፁ እየጎላና እየደከመ ይመታል። አንዱ 440፣ ሌላው 443 ኸርዝ ከሆነ ምቱ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ነው። በሜዳው ሙከራ ጸጥታው ያለው ቦታ ላይ ነበር፤ እዚህ ግን በጊዜ ውስጥ ነው፣ ሰሚው ሳይንቀሳቀስ ይመጣበታል። ሁለት ክራሮችን አንድ ላይ የሚቃኝ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። አውታሮቹ ሲቀራረቡ ምቱ እየዘገየ ይሄዳል፤ ሲገጥሙ ይቆማል።

የቃናዎቹ ልዩነት ሲሰፋ ምቱ ይፈጥንና ጆሮ ሊከተለው ያቅተዋል። ሁለት ጎረቤት ሙዚቃ ቤቶች የተለያየ ዘፈን ሲያስጮኹ ደግሞ የአንዱ ሞገድ ከሌላው ጋር ቋሚ ዝምድና የለውም፤ አንድ ቅጽበት ይበረታታሉ፣ በሚቀጥለው ይሰራረዛሉ። በውጤቱ ሁለቱ እኩል በሚሰሙበት ቦታ ያለው አማካይ ጭማሪ 3 ዴሲቤል ይሆናል። ጸጥ ያለ ነጥብ ፍለጋ በመንገዱ ላይ ቢዞሩ አይገኝም። ቋሚ ጸጥታ የሚፈጠረው ሁለቱ ስፒከሮች ከአንድ ምንጭ ሲመገቡ ብቻ ነው።

የተገለበጠ ሽቦ

የስፒከር ሽቦ ሁለት ጫፍ አለው፤ ቀይና ጥቁር። ከሁለት ስፒከሮች የአንዱ ብቻ ሽቦ ቢገለበጥ አንዱ ኮን ሲገፋ ሌላው ይሳባል። ያን ጊዜ ደንቡ ይገለበጣል፤ በኖራው መስመር መሐል ላይ ጸጥታ፣ 1 ሜትር ከ27 ላይ ጉልህ ድምፅ ይሆናል። በሙዚቃ ላይ ጉዳቱ ከሁሉ በፊት በቤዙ ይታያል። የ50 ኸርዝ ሞገድ 6.8 ሜትር ስለሚረዝም በአንድ ሳሎን ውስጥ ባሉ ሁለት ስፒከሮች መካከል ያለው የመንገድ ልዩነት ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው። ስለዚህ አንዱ የሚገፋውን ሌላው ይስበዋል፤ ቤዙም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የዘፋኙ ድምፅ ይሰማል፣ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ፊት ለፊት ተጠጋግተው ይቀመጡና ቤዝ ያለው ዘፈን ይከፈታል፤ የአንዱ ሽቦ ሲገለበጥ ቤዙ ከጨመረ አስቀድሞ ተገልብጦ ነበር። የስፒከር ጠጋኞች ደግሞ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ጫፎቹን ለቅጽበት ያስነካሉ። የባትሪው መደመሪያ ቀዩ ላይ ሲሆን ኮኑ ወደ ውጭ ከገፋ ሽቦው ልክ ነው።

ስፒከር ሳጥን ውስጥ የሚታሸገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮን ከፊቱ ሲያምቅ ከኋላው ያሳሳል። ሳጥን ከሌለ የኋላው ዞሮ ከፊቱ ጋር ይገናኝና ይሰረዛል። ከሳጥኑ የወጣ ትልቅ ቤዝ ስፒከር ብቻውን ሲሠራ የኪስ ሬዲዮ ያህል ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ስለዚህ ነው።

አዳራሹ

ወደ ሰርጉ አዳራሽ እንመለስ። ዲጄው በመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት የቤዝ ሳጥኖችን በ10 ሜትር ርቀት አቁሟል እንበል። የ60 ኸርዝ ቤዝ የሞገድ ርዝመት 5.67 ሜትር ነው። ከመድረኩ 15 ሜትር ርቆ መሐል ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሁለቱንም እኩል ስለሚያገኝ ደረቱ ይመታል። ከእሱ 4 ሜትር ከ65 ወደ ጎን የተቀመጠው ግን ለ60 ኸርዝ ጸጥታ ላይ ነው። በ100 ኸርዝ ጸጥታው ወደ 2 ሜትር ከ72 ይጠጋል። ስለዚህ አንዱ ጠረጴዛ ከበሮውን፣ ሌላው የቤዝ ጊታሩን ዝቅተኛ ድምፆች ያጣል። መሐሉን ይዞ የሚሄደው ጠንካራ የቤዝ መስመር በድምፅ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ችግሩን ለመፍታት ድምፁን መጨመር መሐል ያሉትን ያደነቁራል እንጂ ጎን ላሉት ምንም አይፈይድም፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። የሚሻለው ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ቦታ ማቀራረብ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ካነሰ የመሰረዣ ነጥብ አይኖርም። ይህ ኪራይም ሆነ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም፤ ለፎቶ እንዲያምር ግራና ቀኝ ይሁን የሚለው ልማድ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይመስልም።

አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ሰውም ነጻ አይደለም፤ ግድግዳ ሁለተኛውን ስፒከር ይፈጥርለታል። ከኋላው 1 ሜትር ርቆ ግድግዳ ያለበት የቤዝ ሳጥን ድምፁ ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ 2 ሜትር ትርፍ መንገድ ይጓዛል። ለ85 ኸርዝ ይህ የሞገዱ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ያ ቃና ይደክማል። ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ቤዙ የሚሻሻለው በዚህ ነው።

የንግግርና የሙዚቃ ድምፅ አንድ ቃና ብቻ ስለሌለው መሰረዙ እንደ ሜዳው ሙከራ ዝምታ አይሆንም፤ የድምፁ ቀለም ይለወጣል። ከሁለት ስፒከሮች የሚመጣው ንግግር በ34 ሴንቲ ሜትር የመንገድ ልዩነት ሰሚው ጋ ሲደርስ አንዱ ከሌላው በ1 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ያን ጊዜ 500፣ 1,500፣ 2,500 ኸርዝ እያለ በየ1,000 ኸርዙ አንድ ቃና ይሰረዛል፣ በየመሐሉ ያለው ደግሞ ይጎላል። ይህ በግራፍ ሲሳል የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል፤ ባለሙያዎቹም ኮምብ ፊልተር ይሉታል። ተናጋሪው ባዶ በርሜል ውስጥ ያለ የሚመስለው በዚህ ነው።

ማይክም ከዚህ አያመልጥም። አንድ ተናጋሪ ፊት ሁለት ማይኮች ተተክለው ድምፃቸው አንድ ሚክሰር ውስጥ ከተደባለቀ ያው ማበጠሪያ ይፈጠራል። የድምፅ ሠራተኞች ደንብ በሁለት ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ከማይክ እስከ አፍ ካለው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን ይላል። በጋዜጣዊ መግለጫ ጠረጴዛ ላይ የየጣቢያው ማይክ እንደዚያ ተጨናንቆ ችግር የማይፈጥረው እያንዳንዱ ወደየራሱ ካሜራ ስለሚሄድ ነው።

ቤት ውስጥ በስቴሪዮ የሚሰማ ሙዚቃም በኢንተርፈረንስ ላይ የቆመ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን የስቴሪዮን መሠረት የጣለውን የፈጠራ መብት ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ሲያስገባ፣ ሁለት ስፒከሮች በሁለቱ ጆሮዎች ላይ የሚፈጥሩት ድምር አንድ ዘፋኝ መሐል ላይ የቆመ እንዲመስል ሊያደርግ እንደሚችል ተገንዝቦ ነበር። ዋጋ አለው ግን። የቀኙ ስፒከር ድምፅ ጭንቅላትን ዞሮ ግራው ጆሮ ጋ ሲደርስ ሩብ ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ይህም 2,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ያደክመዋል። መሐል የሚሰማው የዘፋኝ ድምፅ በእውነተኛ መሐል ስፒከር ቢወጣ ኖሮ ይበልጥ ጥርት ይል ነበር። ሲኒማ ቤቶች ለንግግር መሐል ላይ ሌላ ስፒከር የሚሰቅሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከስፒከር ግድግዳ እስከ ጆሮ ማዳመጫ

እ.ኤ.አ. በ1974 ግሬትፉል ዴድ የተባለው የካሊፎርኒያ ሮክ ባንድ ዎል ኦፍ ሳውንድ የሚባል ግዙፍ የድምፅ ግድግዳ ይዞ ይዞር ነበር። 600 ያህል ስፒከሮች ከሙዚቀኞቹ ጀርባ እንደ ሕንፃ ተደርድረው ይቆማሉ። የሐሳቡ አንዱ አመንጪ አውስሊ ስታንሊ ነበር። ብዛቱ ይታወሳል፤ ብልሃቱ ግን አደራደሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያና የዘፋኞቹ ድምፅ የየራሳቸው የስፒከር ስብስብ ነበራቸው። ጊታሩ ከአንድ ቦታ ብቻ ስለሚወጣ ግራና ቀኝ ሆኖ ራሱን የሚሰርዝበት ዕድል ጠበበ።

አዲስ ችግር ግን መጣ። ግድግዳው ከዘፋኞቹ ጀርባ ስለሆነ ድምፁ በማይካቸው ተመልሶ ይገባል፤ ፉጨቱ አያስቀምጥም። መሐንዲሶቹ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ሁለት ማይኮች አጠገብ ለአጠገብ አቆሙና የአንዱን ሽቦ ገለበጡ። ከጀርባ የሚመጣው ድምፅ ሁለቱም ማይክ ጋ እኩል ስለሚደርስ ተሰረዘ። ዘፋኙ ግን አፉን ለአንደኛው ማይክ ብቻ አስጠግቶ ስለሚዘፍን ድምፁ ተረፈ። የስቴሪዮውን ሽቦ በገለበጠ ሰው ቤት ጥፋት የሚሆነው ነገር እዚህ መፍትሔ ሆነ። ግድግዳው ግን ለመጓጓዝ ከባድ ስለነበር ከጥቅምት 1974 በኋላ ተተወ።

ዛሬ በትልልቅ ኮንሰርቶች ከመድረኩ ግራና ቀኝ ጎበጥ ብለው የሚንጠለጠሉት የስፒከር ሰንሰለቶች ላይን አሬይ ይባላሉ። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሄይል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ቪ-ዶስክ የተባለ ሥርዓት ተስፋፉ። ስፒከሮቹ ከላይ ወደ ታች ተጠጋግተው ስለሚሰለፉ ወደ ፊት ይበረታታሉ፣ ወደ ሰማይና ወደ መሬት ደግሞ ይሰራረዛሉ። ድምፁ በርቀት ቀስ ብሎ የሚደክመው በዚህ ነው፤ ከአንድ ስፒከር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል የሚወድቀው ድምፅ ከእነዚህ ፊት ለፊት እስከ ተወሰነ ርቀት ድረስ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይወድቃል።

ከመድረክ ጀርባ ያሉ ነዋሪዎችን ለማሳረፍ የሚሠራው ደግሞ ይበልጥ ያስደስታል። ከዋናው የቤዝ ሳጥን ጀርባ ሌላ ሳጥን በ1.4 ሜትር ርቀት ይቀመጣል፤ ሽቦው ይገለበጣል፣ ድምፁም በ4 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲዘገይ ይደረጋል። ወደ ኋላ የሚሄደው የዋናው ሞገድ ሁለተኛው ሳጥን ጋ ለመድረስ ልክ ያን ያህል ጊዜ ስለሚወስድበት ከተገለበጠው ጋር ይሰራረዛል። ወደ ፊት ግን በ60 ኸርዝ አካባቢ መዘግየቱና መገለበጡ ተደምረው እኩል ያስረግጧቸዋል። ሁለት ሳጥኖች ፊት ለፊት ይጮኻሉ፣ ከጀርባ ግን ቤዙ ከሞላ ጎደል አይሰማም።

በሰፊ አደባባይ ርቆ ለቆመው ሕዝብ የሚተከሉ ተጨማሪ ስፒከሮችም ስሌት ይፈልጋሉ። ድምፅ 34 ሜትር ለመሄድ 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ምልክት ግን ወዲያው ይደርሳል። ካልተስተካከለ ሩቅ የቆመው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል። ያንግ በተማረበት በጎቲንገን ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት፣ ከመጀመሪያው በ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ እንደ ሁለተኛ ድምፅ እንደማይሰማ አሳየ፤ ጉልበቱ ቢበልጥም እንኳ ጆሮ የሚያምነው ቀድሞ የመጣውን ነው። ስለዚህ የሩቁ ስፒከር ከመድረኩ ድምፅ ጥቂት ዘግይቶ እንዲናገር ይደረጋል።

መሰረዙን ሆን ብሎ ለጸጥታ መጠቀም የጀርመናዊው የፖል ሉግ ሐሳብ ነበር። በ1930ዎቹ የፈጠራ መብት ያገኘበት ንድፍ ድምፅን በማይክ ተቀብሎ፣ ገልብጦ በስፒከር መልሶ መልቀቅ ነው። በዘመኑ የነበረው ኤሌክትሮኒክስ ግን ይህን በሚፈለገው ፍጥነት መሥራት አልቻለም። አማር ቦዝ በ1978 ከዙሪክ ሲበር የአውሮፕላኑ ጩኸት የጆሮ ማዳመጫውን ሙዚቃ ስለዋጠበት ነገሩን አነሳው፤ ኩባንያውም በ1989 ለአብራሪዎች የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በስልክ መደብር የሚሸጡ ጩኸት አጥፊ ማዳመጫዎች ያንኑ ይሠራሉ። ከ1,000 ኸርዝ በታች ያለውን የሞተር ጉምጉምታ በደንብ ይሰርዛሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሞገድ አጭር ስለሆነ በጆሮ ላይ ያለው ትራስ እንዲከለክለው ይተዉታል።

የሚሠሩት ግን መሰረዙ የሚፈለገው በአንዲት ጠባብ ቦታ፣ በጆሮ ቀዳዳ አፍ ላይ፣ ስለሆነ ነው። ከመንገድ ማዶ የሚጮኸውን ሞንታርቦ መኝታ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ስፒከር ለመሰረዝ ቢሞከር፣ ትራሱ ላይ ጸጥታ ሲፈጠር መስኮቱ ሥር ጩኸቱ እጥፍ ይሆናል። ለክፍሉ በሙሉ ያለው መድኃኒት የሞንታርቦውን ባለቤት ድምፁን እንዲቀንስ መጠየቅ ነው።